አንገቱን አትዪ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ አንድ ወንድ ኢምፓላ፣ ሚዳቋ መሳይ የዱር እንስሳ፣ አንገቱ ላይ ፍላጻ ተሰክቶበት ከውሃው ዳር ዘሎ ጫካ ገባ። ቦታው ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ሦስት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ የአደን እርሻ ነው። ፍላጻውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነበር። እንስሳው በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከውሃው ስምንት መቶ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአንድ የእሾህ ዛፍ ሥር ቆሞ ተገኘ። በሕይወት ነበር። የእርሻው ባለቤት በጠብመንጃ ጨረሰው።

እስከዚህ ያለውን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንገቱን ለምን እንደመታሁት ግን ለአሥራ ሁለት ቀን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ለሥራ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሮዘተንቪል ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ በአንድ የካርቶን መሰብሰቢያ ግቢ በኩል ሳልፍ፣ ሌሊት ውርጭ አድሮበት የጠዋት ፀሐይ የመታው ካርቶን ሸተተኝ። ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ እርጥብ ዱቄት የሚከብድ ሽታ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ያን ዓመት ከሰኔ እስከ ነሐሴ በየቀኑ የማሸትተው እሱን ነበር።

በዚያን ጊዜ እዚያው ሮዘተንቪል፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ዋናው ቤት የጋሽ ኸይሩ ነው። ጋሽ ኸይሩ ከስልጤ የመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ከተማ መሃል የጅምላ ሱቅ ነበራቸው። አባቴ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ስለነበረው ዘይቱንም ሩዙንም የሚያመጣው ከእሳቸው ነው። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ባኪ፣ ከኋላ ጭነት በምትይዝ መኪና፣ ይሄዳሉ፣ በአንድ ስልክ ይደውላሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የእሱን ሱቅ ይከፍታል። ስጋ ሲሆን ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ነው።

ጋሽ ኸይሩን ቀስት ያስለመዳቸው አንድ ዕቃ አቅራቢ ነው። አንድ ጊዜ ለግብዣ ብሎ ወደዚያ እርሻ ወሰዳቸው፤ ሲመለሱ ያገለገለ ቀስት ገዝተው ተመለሱ። ሁለት ክረምት አደኑበት። ከዚያ ለዓመታት የዘይት ካርቶን ያነሳ ቀኝ ትከሻቸው እምቢ አለ፤ ሐኪሙም ቀስት እንዳይስቡ ከለከላቸው። ቀስቱ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ልሞክረው ብዬ ለመንኳቸው። የጅማቱን ጥንካሬ በብሎን መፍቻ አላሉልኝ፤ በወሩ መልሰው አጠበቁት።

ዒላማችን ካርቶን ነበር። ከሱቅ የሚመጣውን ባዶ ካርቶን ጠፍጥፈው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድረው፣ በማሸጊያ ገመድ ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። ግቢው መጨረሻ ላይ፣ ግንቡን ተደግፎ ውሎ ያድራል። ፊቱ ላይ ቡጢ የሚያክል ክብ ያሰምሩበታል። ከሃያ ሜትር ላይ ቆሜ አሥር ፍላጻ እለቃለሁ፤ በዓመቱ አሥሩም ክቡ ውስጥ ይገቡ ጀመር።

እናቴ ልብስ እያሰጣች ታየኝ ነበር። «ደግ ነው፣» ትላለች፣ «ነገ ባል ሲመጣ በፍላጻ ትቀበለዋለች።»

«አይዞሽ፣ ሃያ ሜትር ድረስ የሚጠጋት ከተገኘ ነው'ኮ፣» ይሏታል ጋሽ ኸይሩ።

«ስጋውን እርስዎ አይበሉት፣ እኛ አንበላው። ምን ሊረባችሁ ነው?»

«ስጋ ካማረኝ ስጋ ቤት ሞልቷል። እዚያ የምሄደው ለሦስት ሰዓት ስልኬ እንዳይጠራ ነው።»

ስጋውን አንበላውም የሚለውን ነገር ግን እኔ ልቤ አልተቀበለውም። አባቴ እንዲበላው እፈልግ ነበር። ያን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ነው፤ የሚፈታው ሐምሌ አምስት ነው። የምገድለው ኢምፓላ ፍሪዘር ገብቶ ለፍቺ ይደርሳል ብዬ አሰብኩ። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ያልታረደ እንስሳ በክት ነው፣ በክት አይበላም።

በእኛ ቤት እንስሳ የሚሞትበትን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ። አባቴ ከከተማው በስተደቡብ ካለ አንድ ፕሎት፣ ከብት የሚረባበት ትንሽ እርሻ፣ በግ ይገዛል፤ እዚያው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ያጋድመዋል፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ አንገቱን ይቆርጣል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የኋላ እግሩን የምይዘው እኔ ነኝ። «ነፍሱ እስክትወጣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣» ይለኛል። እኔም ነፍስ የምትኖረው አንገት ውስጥ ነው፣ የምትወጣውም በዚያ በተቆረጠው በኩል ነው ብዬ ያዝኩ። ድምፅም እዚያው ነው ያለው፤ ነገሩ ገጠመልኝ።

ጋሽ ኸይሩ ደግሞ ሲያስተምሩኝ ሁልጊዜ የሚሉኝ «ከብብቱ ጀርባ፣ ሳምባው ላይ» ነው። ሰማኋቸው፣ ግን ለራሴ አልወሰድኩትም። እነሱ የእኛን ስጋ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም። እንግዲህ የመግደያው ቦታም የሚለየው ለዚህ ነው አልኩ። ብብት የሙስሊም፣ አንገት የክርስቲያን። ጠይቄ ማረጋገጥ እችል ነበር። ነገር ግን አባቴ ከሰው ጋር የሃይማኖት ነገር እንዳላነሳ አጥብቆ ይነግረኝ ነበር፤ ከትልቅ ሰው ጋርማ ጭራሽ።

ሰኔ 21 ቀን እኔና ጋሽ ኸይሩ ከውሃው አሥራ ስምንት ሜትር ላይ፣ በደረቅ ሣር በተሸፈነች ጎጆ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ኢምፓላው መጣ፤ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ጅማቱን ሳብኩ። የማነጣጠሪያው አረንጓዴ ነጥብ መጀመሪያ የተቀመጠው ከብብቱ ጀርባ ነው፤ ይህን በእርግጠኝነት አስታውሳለሁ። ከዚያ ሐምሌ አምስት ትዝ አለኝ። በከንፈሬ በስመ አብ አልኩ። ነጥቡ ወደ ላይ ወጣ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

እንስሳው ከጠፋ በኋላ ጋሽ ኸይሩ ሰዓታቸውን አዩ። «የት ነበር ያነጣጠርሽው?»

«ብብቱ ላይ። ሄደብኝ።»

«ይሄዳል፣ አንዳንዴ፣» አሉኝ። አልተቆጡም።

የእርሻው ዱካ አዋቂ ጆሴፍ የሚባል ሰው ነው። እስኪመሽ ድረስ ደሙን ተከተለ፤ ደሙ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ጠዋት ሲያገኘው እኔም አብሬው ነበርኩ። ኢምፓላው አልሮጠም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያየን ነበር። ጆሴፍ እጁን ዓይኔ ላይ አደረገ፤ እኔ ግን በጣቶቹ መካከል አየሁ።

ለአባቴ ስልክ ደወልኩ።

«ታረደ?» አለኝ።

«አልታረደም። በጠብመንጃ ነው።»

«መቼ?»

«አሁን ጠዋት።»

ከበስተጀርባው ደንበኛ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ሲለው ይሰማኛል፤ አልመለሰለትም። «ሌሊቱን ሙሉ እንደተወጋ ቆሞ አደረ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«በይ ነይ፣» አለና ዘጋው።

ማታ ቤት ስደርስ የተናገረው አጭር ነው። «አንድ ጊዜ ያጋጥማል። ሌላ እንስሳ እንዲህ ካደረግሽ ግን ቀስቱ ወደ ጋሼ ግድግዳ ይመለሳል፤ ደግመሽ አትነኪውም።» የአደኑ ወቅት የሚያልቀው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ጋሽ ኸይሩ የእርሻውን ባለቤት አስፈቅደው የመጨረሻዋን ቅዳሜ አስያዙልኝ። አንድ ዕድል ነበረኝ።

ሰኔ 30 ቀን፣ ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ኸይሩ አዲስ ካርቶን ላይ በጥቁር ማርከር ኢምፓላ ስለው ጠበቁኝ። ቁመቱ ልክ ነው። ቀንድ አለው፣ እግር አለው፣ ረጅም አንገት አለው። የመጀመሪያው ፍላጻ አንገቱ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስቤ መልቀቅ አቃተኝ፤ መልሼ አወረድኩት። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ካርቶኑን ገልብጠው ባዶ ክብ ሰጡኝ፤ አሥሩም ገቡ። መልሰው ኢምፓላውን አዞሩት፤ አንገቱን መታሁት። አሁን እያወቅኩ አልነበረም። ብብቱን ልመታ ወስኜ እስባለሁ፣ ዓይኔ ግን ሳልለቅ ይሄዳል፤ እጄም ዓይኔን ይከተላል።

ሐምሌ 3 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጋሽ ኸይሩ ቀስቱን ከእጄ ወሰዱና የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«ቤዚ፣ ይሄ የክንድ ነገር አይደለም። ክንድ ሲደክም ፍላጻ ይወርዳል። ያንቺ እየወጣ ነው፤ የሚሄደውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። አንገቱ ምን አድርጎሻል?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ንገሪኝ። ለአባትሽ አልነግርም።»

«እናንተ በብብት ነው የምታርዱት፣» አልኳቸው። «እኛ ግን በአንገት ነው።»

«ማነው በብብት የሚያርደው?»

«እናንተ። ሙስሊሞች።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ሳጥኑ እስኪንገዳገድ ሳቁ፤ የታመመውን ትከሻቸውን ይዘው «ዋይ» እያሉ ሳቁ። «ታዴ! ታዴ! ና ልጅህ ያለችውን ስማ!»

«አልነግርም ብለውኝ!»

«ይሄንማ እንዴት ልቻለው! ስድሳ ዓመት ስኖር በብብቱ የታረደ በግ አላየሁም! እኛም በአንገት ነው፣ ልጄ፤ በግ የሚታረደው በአንገቱ ነው!»

አባቴ የምሽት ሻዩን እንደያዘ መጣ። ሲነገረው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። ብርጭቆውን ግንቡ ላይ አስቀመጠ። «አንገቱን የመታሽው እንዲታረድ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እንድበላው?»

«ለሐምሌ አምስት።»

ፊቱን በእጁ አበሰ። «ጋሼ፣» አለ ወደሳቸው ዞሮ፣ «ከነገ ወዲያ በግ ልናርድ ነው። እርስዎም ይምጡልኝ።»

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«የሚያሳዩዋትን ያሳዩዋታል። እጄ የእርስዎ ይሁን።»

ጋሽ ኸይሩ ቅዳሜ ፕሎቱ ላይ ሲገኙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከልብስ መስቀያ ፈትተው ያቃኑትን ሽቦ ይዘው ነበር። አባቴ እንደ ወትሮው አረደ፤ እኔም እንደ ወትሮው እግሩን ያዝኩ። ሲያበቃ፣ ቆዳው ሳይገፈፍ፣ በጉን በጎኑ አስተኛው። ጋሽ ኸይሩ ሽቦውን ለአባቴ አቀበሉና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቆመው እጃቸውን ከኋላ አጣመሩ። ምንም አልነኩም።

«እግሩን እንደቆመ አድርገው። እንደዚያ። ቤዚ፣ ቦታውን አንቺ አሳዪ።»

ጣቴን አስቀመጥኩ።

«ወደ ኋላ ሄድሽ፤ እዚያ ጨጓራ ነው። ወደ እግሩ... ዝቅ በይ... በቃ። ታዴ፣ እዚያ ጋ ውጋው።»

አባቴ ሽቦውን ከጣቴ ሥር ከተተው፤ በሌላው ጎን እስኪወጣ ገፋው።

«ጎድኑን አበላሻችሁት!» አለች እናቴ ከባኪው አጠገብ።

ሲከፈት ሽቦው ሁለቱንም ሳምባ በስቶ አልፏል። እስከዚያን ቀን ሳምባ ማለት ቤት ውስጥ በሳህን የማየው ትንሽ ቁራጭ ነገር ነበር። ይሄ ሮዝ መሳይ ሆኖ ደረቱን ሙሉ ይዞታል። አባቴ መዳፌን ወስዶ ላዩ ላይ ዘረጋው፤ መዳፌ አልሸፈነውም። ከዚያ አንገቱን አሳየኝ። አጥንቱን፣ የአየር ቧንቧውን፣ ሁለቱን የደም ሥሮች ለይቶ በጣቱ ነካ፤ የቀረው ስጋ ብቻ ነው።

«ቢላዋዬ እነዚህን የሚያገኛቸው ለምንድን ነው? እኔ ራሱን ይዣለሁ፣ አንቺ እግሩን ይዘሻል። ቆሞ ውሃ የሚጠጣውን ማን ይዞልሽ ነው አንገቱን የምትመቺው?»

«ግን ሳምባውን ከመታሁት ሳንደርስ ይሞታል።»

«ይሞታል።»

«በክት ይሆናል።»

«ለእኔ ይሆናል። አልበላውም፤ ሽሮ አለ።»

«እኔም ሽሮ ነኝ፣» አሉ ጋሽ ኸይሩ ከሩቅ። «ሁለት ሽማግሌ ተሰብስበን የማንበላውን እናሳድናታለን።»

አባቴ አልሳቀም። ቢላዋውን በሣር እየጠረገ «ጆሴፍ ይበላዋል፤ ልጆች አሉት፣» አለኝ። «ስጋ እንድታመጪልኝ አልፈልግም። ቆሞ የሚያድር እንስሳ ብቻ አታምጪብኝ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ጭንቅላቴ ቦታውን ያውቃል፣ ዓይኔ ግን የለመደው ሌላ ነው። ሰኞ የመጀመሪያው ፍላጻ አሁንም ወደ አንገቱ ሄደ።

ጋሽ ኸይሩ አልተገረሙም። «አንገቱን አትዪ ብዬ ብነግርሽ የምታዪው አንገቱን ነው። ስለዚህ የምታዪውን እሰጥሻለሁ። ከኮቴው ጀምሪ። የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ይዘሽ ወደ ላይ ውጪ። ሆዱ ጋ ስትደርሺ፣ ከሆዱ እስከ ጀርባው ያለውን ለሦስት ክፈዪ። የታችኛው ሲሶ ጫፍ ላይ ቁሚ። እዚያ አንድ ፀጉር ምረጪ።»

«ካርቶን ፀጉር የለውም።»

«ፈልጊለት።»

ሕጉ ቀላል ነበር። ዓይኔ ከዚያ መስመር ከወጣ ጅማቱን ቀስ ብዬ እመልሳለሁ፤ ከኮቴው እንደገና እጀምራለሁ። መልቀቅ የለም። የመጀመሪያ ቀን ሃያ ጊዜ ስቤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መለስኩት። ማታ ክንዴ ማንኪያ አላነሳ አለ። በሳምንቱ አሥራ አንድ ሆነ። መንገድ ላይም እሠራበት ጀመር። የጎረቤት ውሻ፣ ጭነት መኪና ላይ የቆሙ ፍየሎች፣ የወተት ካርቶን ላይ የተሳለችው ላም ሳትቀር፤ ኮቴ፣ እግር፣ ሆድ፣ ሲሶ። እናቴ ላሟን ሳፈጥባት አይታ «ወተቱን ጠጪው እንጂ አትግደዪው፣» አለችኝ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ የምመልሰው ከሃያው ሁለቱን ብቻ ነበር። ጋሽ ኸይሩ ካርቶኑን ማዛነፍ ጀመሩ፤ አንዳንዴ ዕቃ መጫኛው ጋሪ ላይ አቁመው በገመድ ይስቡታል። እንዲያም ሆኖ ፍላጻው ቦታው ገባ። ጾሙ ሲፈታ ካርቶኑ ከብብቱ ጀርባ ተቦድሶ በወዲያ በኩል ግንቡ ይታይ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ የድሮው ብቻ ነው።

ነሐሴ 24 ቀን፣ ቅዳሜ፣ አባቴ ሱቁን ዘግቶ አብሮን መጣ። ቅዳሜ ጻካኔ ዋናው ገበያ ነው፤ አባቴ ቅዳሜ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። ጎጆዋ ውስጥ ሦስት ሆነን ተጣብበን ተቀመጥን። አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላዋ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።

«ታዴ፣ ቢላዋው ምን ሊያደርግልህ ነው?» አሉ ጋሽ ኸይሩ በሹክሹክታ።

«ምናልባት ሳይሞት ከደረስኩ።»

«አትደርስም።»

«ካልደረስኩም አልደረስኩም።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ እንስቶቹ ኢምፓላዎች መጡ። ከኋላቸው አንድ ወንድ ወጣ። ፊት ለፊት ቆሞ ስላየን አልሳብኩም። ጠጥቶ ዞረ፤ ጎኑን ሰጠ። ሳብኩ። ኮቴ። እግር። በዚህ መሃል ራሱን ቀና አደረገ፤ ጉሮሮው ላይ ያለው ነጭ ምልክት ወለል ብሎ ታየኝ፤ ዓይኔም ሄደ። የአባቴ ትንፋሽ ቀጥ ሲል ይሰማኛል። ጅማቱን ቀስ ብዬ መለስኩት።

ኢምፓላው ጆሮውን አንቀሳቀሰ፤ የፊት እግሩን አንድ እርምጃ አራምዶ እንደገና አጎነበሰ።

ሳብኩ። ኮቴ። እግር። ሆድ። ሲሶ። ከብብቱ ጀርባ ቡናማው ከነጣ ያለው ጋር በሚገናኝበት ላይ አንድ የቆመ ፀጉር አየሁ። ለቀቅኩ።

እንስሳው ዘለለ፣ ሮጠ፣ ሜዳው ላይ እያየነው ወደቀ። ጋሽ ኸይሩ ሰዓታቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ሰባት ሰከንድ፣» አሉ። ፍላጻው በወዲያ በኩል ወጥቶ ውሃው ዳር ጭቃው ላይ ተተክሏል።

ጆሴፍ ቀድሞን ደረሰና መሞቱን ሊያረጋግጥ በሣር አገዳ የእንስሳውን ዓይን ነካ። ዓይኑ አልተርገበገበም። አባቴ የቢላዋውን ጋዜጣ ሳይፈታ አጠገቡ ቆመ። ከዚያ እንስሳው ከወደቀበት ጀምሮ ፍላጻው እስከተተከለበት ጭቃ ድረስ፣ በእርምጃው እየቆጠረ ሄደ። ሰላሳ አራት እርምጃ ነው፤ የሰኔው ስምንት መቶ ሜትር ነበር።